የሙከራ አይጦች መኖና ክብደት፦ የቱን መኖ፣ የቱን አመጋገብ፣ የቱን ማነጻጸሪያ እንምረጥ?

አዲስ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ከሦስት ወር በኋላ የደም ስኳራቸው ወርዶ፣ በጉበታቸው የተጠራቀመውም ስብ ቀንሶ ተገኘ እንበል። ክብደታቸው ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱት በ12 በመቶ ያነሰ ነው። መድኃኒቱ በቀጥታ ጉበት ላይ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። የምግብ ፍላጎታቸውን ዘግቶት፣ ትንሽ ስለበሉ ብቻ ስቡ ቀንሶ ሊሆንም ይችላል። መኖ መቀነስ ብቻውን የደም ስኳርን፣ ኢንሱሊንን፣ የጉበት ስብን፣ የዕጢን እድገት፣ ዕድሜን ሳይቀር ይለውጣል። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በመጨረሻ ላይ በሚሠራ ስሌት ማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም። መልሱን የሚወስነው የመጀመሪያው መኖ ኬጅ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተደረገው ምርጫ ነው።

ከዚህ በታች ትንሿን የሙከራ አይጥ ማውስ፣ ትልቋን አይጠ መጎጥ እንላለን። ዝም ብለን አይጥ ካልን ሁለቱንም ማለታችን ነው።

የእህል መኖ ወይስ የተጣራ መኖ?

የእህል መኖ የሚሠራው ከስንዴ፣ ከበቆሎ፣ ከአጃ፣ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ ከአልፋልፋና አንዳንዴም ከዓሣ ዱቄት ነው፤ ቫይታሚንና ማዕድን ይጨመርበታል። ርካሽ ነው፣ አይጦች ይወዱታል፣ ለማራባትም ይስማማል። ችግሩ እህል እንደ መሬቱና እንደ ዝናቡ መለያየቱ ነው። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የፕሮቲን መጠን ሳይቀየር ውስጡ ያለው ሌላው ነገር ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ሊቀየር ይችላል። አምራቹ የእያንዳንዱን ጥሬ ዕቃ መጠን ምስጢር የሚያደርግበት መኖ ከሆነ ለውጡን ለመከታተል ይበልጥ ያስቸግራል። እንደ ኤንአይኤች-31 እና ኤንቲፒ-2000 ያሉት ቀመራቸው በይፋ የታወቀ ስለሆነ በእህል መኖ ለመሥራት የወሰነ ሰው ቢያስቀድማቸው ይሻላል።

ከሚለዋወጡት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን ከአኩሪ አተርና ከአልፋልፋ የሚመጡትን እንደ ጄኒስቲን፣ ዳይድዚንና ኩሜስትሮል ያሉትን ነው። እነዚህ እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን የሚሠሩ የዕፅዋት ውህዶች ናቸው። ስለ ጡት ዕጢ፣ ስለ ማህፀን፣ ስለ አጥንት መሳሳት ወይም ስለ ወሲባዊ ብስለት የሚጠና ከሆነ፣ ማነጻጸሪያው ቡድን ሳናውቀው ሆርሞን እየበላ ነው ማለት ነው። የኬሚካሎችን ኤስትሮጅናዊነት በማህፀን ክብደት የሚለካው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 440 መመሪያ በአንድ ግራም መኖ ውስጥ ከ350 ማይክሮግራም የጄኒስቲን አቻ በላይ እንዳይኖር የሚያሳስበው ለዚህ ነው። ከዚያ ካለፈ የማነጻጸሪያዎቹ ማህፀን ራሱ ስለሚከብድ የሚፈተነው ኬሚካል ያመጣው ጭማሪ ተውጦ ይቀራል።

አልፋልፋ ሌላም ጣጣ አለው። በውስጡ ያለው ክሎሮፊል በቀይ ብርሃን ክልል ያበራል። በሕይወት ያለን አይጥ በፍሎረሰንስ ካሜራ የሚያነሳ ተመራማሪ ሆድ አካባቢ ደማቅ ምልክት ያይና ዕጢ ይመስለዋል፤ ያየው ግን አንጀት ውስጥ ያለውን መኖ ነው። ከምስሉ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ አልፋልፋ ወደሌለበት መኖ መቀየር ይህን ያስቀራል።

የተጣራ መኖ የሚቀመመው አንድ በአንድ ከተለዩ ነገሮች ነው። በጣም የታወቀው በአሜሪካ የሥነ ምግብ ተቋም ስም የሚጠራው ኤአይኤን-93 ነው። ለእድገትና ለእርግዝና የሚሆነው ኤአይኤን-93ጂ በአንድ ኪሎግራም ውስጥ 200 ግራም ኬሲን (የወተት ፕሮቲን)፣ 397.5 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 132 ግራም በከፊል የተሰባበረ ስታርች፣ 100 ግራም ስኳር፣ 70 ግራም የአኩሪ አተር ዘይት፣ 50 ግራም ሴሉሎስ፣ 35 ግራም የማዕድን ድብልቅ፣ 10 ግራም የቫይታሚን ድብልቅ፣ 3 ግራም ሲስቲንና 2.5 ግራም የኮሊን ጨው አለው። እድገታቸውን ለጨረሱት በተዘጋጀው ኤአይኤን-93ኤም ኬሲኑ ወደ 140፣ ዘይቱ ወደ 40 ግራም ይወርዳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ብቻ አውጥተን ሌላው እንዳለ እንዲቀጥል ማድረግ እንችላለን፤ ዚንክ ይቀነስ ብንል ዚንክ ብቻ ይቀንሳል። በእህል መኖ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ይሁን እንጂ የተጣራ ማለት እንከን የለሽ ማለት አይደለም። የቀድሞው ኤአይኤን-76ኤ ግማሹ ስኳር ነበር፤ በሴት አይጠ መጎጦች ኩላሊት ውስጥም ካልሲየም እንዲጠራቀም ያደርግ ነበር። እስከ ዛሬ በካታሎግ ስለሚገኝ የድሮ ሙከራ ለመድገም ካልሆነ በቀር ባይመረጥ ይመከራል። የአዲሱ ደካማ ጎን ፋይበሩ ነው። ሴሉሎስ በአንጀት ባክቴሪያዎች እምብዛም አይብላላም፤ የእህል መኖ ግን የሚብላላም የማይብላላም ፋይበር በብዛት አለው። ከእህል መኖ ወደ ተጣራ መኖ የተዛወረች ማውስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕውር አንጀቷ ያንሳል፣ ትልቁ አንጀቷ ይቀልላል፣ የባክቴሪያ ስብጥሯም ይለወጣል። ስለ አንጀት ባክቴሪያ ወይም ስለ አንጀት ግድግዳ የምናጠና ከሆነ የሴሉሎሱን ከፊል እንደ ኢኑሊን ባለ የሚብላላ ፋይበር ተክቶ ማስቀመም ጠቃሚ ነው፤ ሲተካም በሁሉም ቡድን እኩል መሆን አለበት።

እንግዲህ ለማራባት፣ ለክትባት ሙከራ፣ መኖ የጥያቄው አካል ላልሆነበት ሥራ የእህል መኖ ይበቃል፤ የምርት ዙሩ ቁጥር ይመዝገብ፣ ሙከራው በሙሉ በአንድ ዙር ይሠራ። ስብ፣ ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን፣ ሆርሞን ወይም መርዝ የጥያቄው አካል ከሆነ የተጣራው ይመረጣል። አንዱን ቡድን በእህል፣ ሌላውን በተጣራ መኖ መመገብ ግን በየትኛውም ጥያቄ አያስኬድም።

ለውፍረት ሙከራ፦ 60 በመቶ፣ 45 በመቶ፣ ማነጻጸሪያውስ?

በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚሠራው ስህተት ይኸው የመጨረሻው ነው። አንዱ ቡድን 60 በመቶ ካሎሪው ከስብ የሆነ የተጣራ መኖ ይበላል፣ ሌላው የተለመደውን የእህል መኖ ይበላል፣ ከዚያም ልዩነቱ ሁሉ የስብ ነው ይባላል። በእነዚህ ሁለት መኖዎች መካከል ስቡ ብቻ አይደለም የሚለየው፤ የፕሮቲኑ ምንጭ፣ የስኳሩ መጠን፣ የፋይበሩ ዓይነት፣ የዕፅዋት ኤስትሮጅኑ፣ ጨውና ማዕድኑ ሁሉ ይለያያሉ። በዚህ አኳኋን የተገኘ የአንጀት ባክቴሪያ ለውጥ ከስቡ ይልቅ ከፋይበሩ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ከዚያው አምራች የወጣ፣ 10 በመቶ ካሎሪው ከስብ የሆነ የተጣራ መኖ ነው። እዚህም ላይ ስኳሩ ይታይ። ዲ12492 ተብሎ ለሚታወቀው ባለ 60 በመቶ መኖ የተዘጋጀው ጓደኛ ዲ12450ጄ ነው፤ ሁለቱም 7 በመቶ ገደማ ካሎሪያቸው ከስኳር ነው። ለባለ 45 በመቶው ዲ12451 ደግሞ ዲ12450ኤች ይሆናል፤ በሁለቱም ስኳሩ 17 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የነበረው ዲ12450ቢ ግን 35 በመቶ ካሎሪው ስኳር ነው። ማነጻጸሪያዎቹ በስኳሩ ምክንያት ጉበታቸው ላይ ስብ ሊይዙ ስለሚችሉ ልዩነቱ ጠብቦ ይታያል። የኮዱ የመጨረሻ ፊደል ብቻ ተቀይሮ የመጣ መኖ ሌላ መኖ ነውና ሲታዘዝም ሲረከብም ፊደሉ ይነበብ።

በ60 እና በ45 መካከል ስንመርጥ፣ 60ው ክብደቱን ፈጥኖ ያመጣል፤ ልዩነቱም ሰፊ ስለሆነ በጥቂት አይጦች መሥራት ያስችላል። ነገር ግን ሰው ከሚበላው በጣም የራቀ ነው። 45ቱ ወደ ሰው ምግብ ይጠጋል፣ ዘገም ይላል፣ አይጦቹም በክብደት ይበልጥ ይበታተናሉ። ክብደትን የሚቀንስ መድኃኒት እንደሚሠራ ለማየት ብቻ ከሆነ 60ው ያዋጣል። ስኳርና ስብ በአንድነት ስለሚያመጡት ጉዳት ከሆነ ጥያቄው 45ቱን እንመርጣለን።

የቀመሩን ያህል የአይጡ ዘር ይወስናል። ሲ57ብላክ/6 ወንድ ማውስ በ6 ሳምንት ዕድሜው ቢጀምር ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ በደንብ ይወፍራል፤ ሴቷ ዘግይታና ባነሰ መጠን ትወፍራለች። ኤ/ጄ የተባለው ዘር ግን ያንኑ መኖ በልቶ ብዙም አይወፍርም። ስፕራግ ዶውሊ አይጠ መጎጦች አንድ ዓይነት መኖ ተሰጥቷቸው የሚወፍሩና የማይወፍሩ ሆነው ይከፈላሉ፤ ይህን ሳያውቅ ትንሽ ቡድን የያዘ ተመራማሪ በዕጣ ብቻ የተፈጠረ ልዩነት ሊያገኝ ይችላል።

ስብ የበዛበት መኖ አያያዙም ይለያል። ለስላሳ ነው፣ ይፈረፈራል፣ በክፍል ሙቀት ስቡ ይበላሻል። በማቀዝቀዣ ይቀመጥና በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አሮጌው ተነሥቶ በአዲስ ይተካ። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ግን የተበላሸውን ከሥር አስቀምጦ ማቆየት ነው።

ስለ ጉበት ለሚሠሩ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። ሜቲዮኒንና ኮሊን የጎደለበት መኖ በጥቂት ሳምንታት የጉበት ስብና ብግነት ያመጣል፤ ሆኖም አይጦቹ እጅግ ይከሳሉ፣ በሰው ላይ ከዚህ ሕመም ጋር የሚታየው ውፍረትና የኢንሱሊን መዳከምም የለም። የጉበት ጠባሳን አፈጣጠር ብቻ ለማየት ይጠቅማል። ሕመሙ ከውፍረት ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት ከሆነ ክብደት የማያስጥል፣ ስብ የበዛበት መኖ መምረጥ ግድ ነው።

እንዳሻቸው ይብሉ ወይስ ይገደብ?

እንዳሻቸው መመገብ ቀላል ነው፤ መኖው ይሞላል፣ አይጡ ሲርበው ይበላል። ለአጭር ጊዜ ሙከራ ምንም አይልም። ለ104 ሳምንት የካንሰር ሙከራ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሳይንቀሳቀስ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሻውን የሚበላ አይጠ መጎጥ ይወፍራል፣ ኩላሊቱ ይታመማል፣ የፒቱታሪና የጡት ዕጢ ይበዛበታል፣ ሙከራው ሳያልቅም ይሞታል። በማነጻጸሪያው ቡድን በሕይወት የሚተርፉት ሲያንሱ የሙከራው አቅም አብሮ ይዳከማል።

አማራጩ መጠነኛ ገደብ ነው፦ በነፃነት ከሚበሉት ከ70 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን በየቀኑ መዝኖ መስጠት። ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ የኩላሊት ሕመሙና የፒቱታሪና የጡት ዕጢዎቹ ይቀንሳሉ፣ የክብደት መበታተኑም ይጠብባል። ኪሳራውም መታየት አለበት። በየቀኑ መመዘን የሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ አንዳንድ ዕጢም ይደበቃል። የአሜሪካው ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሪፖርት ይህን ፊት ለፊት አሳይቷል፦ ቡቲል ቤንዚል ፍታሌት የተባለው ኬሚካል እንዳሻቸው በተመገቡ ወንድ አይጠ መጎጦች ላይ የቆሽት ዕጢ ሲጨምር፣ መኖ በተገደበባቸው ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ጭማሪ አልታየም። ኬሚካሉ ያው ነው፤ መልሱን የለወጠው መኖው ነው።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ቢ6ሲ3ኤፍ1 በተባለው የማውስ ዘር የጉበት ዕጢ ከክብደት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ከፍተኛው የኬሚካል መጠን የምግብ ፍላጎትን ዘግቶ አይጦቹን ካከሳቸው ዕጢያቸው ከማነጻጸሪያው ሊያንስ ይችላል፤ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካልም ጉዳት የሌለው መስሎ ያልፋል። ለካንሰር ሙከራ ከፍተኛው መጠን ሲመረጥ የክብደት ጭማሪው ከማነጻጸሪያው በ10 በመቶ ያህል ከመቀነስ እንዳያልፍ የሚባለው በከፊል ለዚህ ነው።

ገደብ ስንመርጥ ሰዓቱም የምርጫው አካል ነው። አይጥ የሌሊት እንስሳ ነው። ጠዋት ሰውየው ሥራ ሲገባ መኖውን ቢሰጥ፣ የተገደበባት ማውስ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ጥርግ አድርጋ ትበላለች፤ የቀረውን ሃያ ሰዓት በላይ ባዶ ሆዷን ትውላለች፣ ታድራለች። ስለዚህ የቀነስነው ካሎሪ ብቻ አይደለም፤ ረጅም ጾም ጨምረንበታል፣ የመብያ ሰዓቷንም አዛብተናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የሲ57ብላክ/6ጄ ወንድ ማውሶች ጥናት ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አሳይቷል፦ 30 በመቶ የተቀነሰው መኖ በቀንና በሌሊት ተበትኖ ሲሰጥ ዕድሜ በ10 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ በሌሊት ብቻ ሲሰጥ ጭማሪው ወደ 35 በመቶ ደረሰ። በሰዓት የሚከፍት መጋቢ መሣሪያ ካለ በሌሊት መስጠት ነው፤ ከሌለ ቢያንስ መብራት ሊጠፋ ሲል ይሰጥ፣ ሰዓቱም ይመዝገብ።

መኖ የሚገደብባቸው አይጦች በአንድ ኬጅ አብረው ካሉ ጉልበተኛው የደካማውን ይበላል። በአማካይ የተገደበ ይመስላል እንጂ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቧል። ለየብቻ ማኖር ይህን ይፈታል፤ ብቻውን ያለ አይጥ ግን የሚተቃቀፈው ስለሌለ ይበርደዋል፣ ለሙቀት ሲል ይበልጥ ይበላል። ማነጻጸሪያውም ለየብቻው መኖር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ለባህርይ ሙከራ አይጡን ለሽልማት ለማትጋት ክብደቱን ከነፃ ክብደቱ ወደ 85 ወይም 90 በመቶ ማውረድ የተለመደ ነው። በማደግ ላይ ባለ አይጥ ግን በመጀመሪያው ቀን ክብደት ላይ የተሰላ 85 በመቶ ከሁለት ወር በኋላ ከባድ ረሃብ ነው፤ እኩዮቹ አድገዋልና። ያለ ገደብ የሚበሉ ጥቂት እኩዮችን አብሮ እየመዘኑ ዒላማውን በየሳምንቱ ከእነሱ ክብደት ማስላት ይገባል። ክብደቱም ቀስ ተብሎ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይውረድ።

ሕክምናው ራሱ ሲያከሳ፦ የትኛው ማነጻጸሪያ?

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። የሚያከሳ መድኃኒት ካለ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በጥንድ መመገብ ነው። መድኃኒት የምትወስደው አይጥ ትናንት የበላችው ይመዘንና ዛሬ ለጥንዷ ያንኑ ያህል ይሰጣታል። ካሎሪያቸው እኩል ስለሚሆን በመካከላቸው የቀረው ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ለማለት ያስደፍራል። ጉድለቱ ቀደም ሲል ያልነው የጾም ጉዳይ ነው፦ መድኃኒት የምትወስደው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ትቀማምሳለች፣ ጥንዷ የተሰጣትን በአንዴ ጨርሳ ትራባለች። ደም ጠዋት ከተወሰደ አንዷ የበላች ሌላዋ የጾመች ናቸው። መኖውን በሁለት ወይም ሦስት ከፍሎ መስጠት፣ ትልቁን ድርሻ ወደ ማታ ማድረግ ክፍተቱን ያጠባል። በጥንድ የሚመገበው ቡድን ሦስተኛ ቡድን እንጂ ምትክ አለመሆኑ አይረሳ፤ እንዳሻው የሚበላው ማነጻጸሪያም መኖር አለበት።

ሁለተኛው ክብደትን ማመሳሰል ነው። ማነጻጸሪያው ምን ያህል ቢበላ ነው ክብደቱ ከታከመው ጋር የሚሄደው ተብሎ መኖው በየጊዜው ይስተካከላል። መድኃኒቱ ኃይል የሚያቃጥል ከሆነ፣ ማለትም አይጧ እኩል እየበላች የምትከሳ ከሆነ፣ በጥንድ መመገብ ምንም አያሳይምና ይሄ ይሻላል።

ሦስተኛው የመጨረሻውን ክብደት በስታቲስቲክስ ማረም ነው። ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል፤ ግን ደካማው መንገድ ነው። ክብደቱን የለወጠው ራሱ መድኃኒቱ ስለሆነ በክብደት ስናርም የመድኃኒቱን ሥራ ከፊሉን አብረን እናወጣለን፤ የቀረው ምን እንደሆነም በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሙከራው ሲጀመር የነበረውን ክብደት በስሌት ውስጥ ማስገባት ግን ትክክል ነው፣ ይመከራልም።

መጠን በክብደት ሲሰላ የሚመጡ ስህተቶች

መድኃኒቱ መኖ ውስጥ ከተቀላቀለ ሂሳቡ በየሳምንቱ ይሠራ። በኪሎግራም መኖ 100 ሚሊግራም ተቀላቅሏል እንበል። በቀን 13 ኪሎካሎሪ የምትበላ ማውስ በግራም 3.85 ኪሎካሎሪ ካለው ማነጻጸሪያ መኖ 3.4 ግራም ትበላለች፤ በግራም 5.24 ኪሎካሎሪ ካለው ስባም መኖ ደግሞ 2.5 ግራም። የመጀመሪያዋ 25 ግራም ብትመዝን በኪሎግራም ክብደቷ 13.6 ሚሊግራም ደረሳት። ሁለተኛዋ ወፍራ 40 ግራም ከደረሰች 6.25 ሚሊግራም ብቻ፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው። “በወፍራሞቹ ላይ መድኃኒቱ አልሠራም” የሚል ድምዳሜ ከእንዲህ ዓይነት ሂሳብ ሊወጣ ይችላል። ቫይታሚንና ማዕድንም በግራም ሳይሆን በካሎሪ መመጠን ያለባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

በግሉኮስ ምርመራ ላይ ስህተቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያጋድላል። በኪሎግራም 2 ግራም በሚለው ልማድ 25 ግራም የምትመዝነው 50 ሚሊግራም፣ 45 ግራም የምትመዝነው 90 ሚሊግራም ግሉኮስ ትወጋለች። የተጨመረው ክብደት ባመዛኙ ስብ ነው፤ ግሉኮሱን ተቀብሎ የሚያቃጥለው ጡንቻ በዚያ ልክ አላደገም። ስለዚህ የወፈረችው ካለባት ችግር በላይ የታመመች መስላ ትታያለች። ስብ አልባውን የሰውነት ክፍል የሚለካ መሣሪያ ካለ መጠኑን በእሱ ማስላት፣ ከሌለ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቋሚ መጠን መስጠት ይቻላል። ከምርመራው በፊት ሌሊቱን ሙሉ ከመኖ መከልከል ለማውስ ከባድ ነው፤ ከክብደቷ አሥረኛውን ወይም ከዚያ በላይ ታጣለች፣ በጉበቷ የተከማቸው ስኳር (ግላይኮጅን) ያልቃል። ጠዋት መኖውን አንሥቶ ከ5 እስከ 6 ሰዓት መጠበቅ ለአብዛኛው ጥያቄ ይበቃል። ኬጁም ይቀየር፤ ጉዝጓዙ ውስጥ የተቀበረ ፍርፋሪ ካለ ጾሙ ጾም አይደለም።

የአካል ክፍሎችን ክብደት በጠቅላላ ክብደት ማካፈልም ያሳስታል። ከስቶ የሞተ አይጥ የወንድ ዘር ፍሬው ሳይለወጥ በመቶኛ ሲሰላ የጨመረ ይመስላል። አንጎል በክሳት ብዙም ስለማይቀንስ ለእንዲህ ዓይነቶቹ አካላት ከአንጎል ክብደት ጋር ማነጻጸር ይሻላል፤ ጉበት ግን ከሰውነት ክብደት ጋር አብሮ ስለሚሄድ በሰውነት ክብደት ቢካፈል ያስኬዳል። የኃይል ፍጆታ በክብደት ሲካፈል ወፍራሙ ሁሉ ሰነፍ ሆኖ ይታያል፤ ክብደትን እንደ ተጓዳኝ ተለዋዋጭ የሚያስገባ ትንተና ይመረጥ።

ምዘናውና የክፍሉ ሙቀት

አንድ ማውስ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበላል። 3.5 ግራም በልቶ 0.7 ግራም ፈርፍሮ ጉዝጓዙ ውስጥ የበተነ በመጋቢው ሚዛን ሲታይ በ20 በመቶ አብልጦ የበላ ይመስላል። ስለዚህ የተረፈው ብቻ ሳይሆን የተፈረፈረውም ይመዘን፦ ጉዝጓዙ በወንፊት ይነፋ፣ ፍርፋሪው ከሽንት የተነሣ ርጥብ ከሆነ ደርቆ ይመዘን። የአንድ ቀን ልኬት ስለሚዋዥቅ የሦስት ወይም የአራት ቀን ድምር ይወሰድ። አይጦቹ አብረው የሚኖሩ ከሆነ የመኖ ልኬቱ የኬጁ እንጂ የእያንዳንዱ አይጥ አይደለም፤ በትንተናውም አንድ ኬጅ አንድ ቁጥር ነው።

ክብደት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይለካ፤ ሌሊቱን በልታ ያደረች ማውስ ጠዋትና ማታ አንድ አትመዝንም። በኦኢሲዲ የረጅም ጊዜ መመሪያዎች ለመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ቢያንስ በወር አንዴ ይመዘናሉ፤ ሲጀመርም የእያንዳንዱ ክብደት ከአማካዩ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይጠየቃል። ምደባው ሲደረግ አይጦቹን በክብደት ደርድሮ ተቀራራቢዎቹን በዕጣ ወደየቡድኑ መበተን በቡድኖች መካከል እኩል መነሻ ይሰጣል።

በ22 ዲግሪ የሚቀመጥ ማውስ ለእኛ ቢመቸንም እሱ ይበርደዋል፤ የሚመቸው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሚበላው ትልቅ ክፍል የሚያቃጥለው ሰውነቱን ለማሞቅ ነው። መኖ የተገደበበት ከሆነ ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት ጥሎ ይፈዛል፤ የደም ግፊቱም የልብ ምቱም ይወርዳል፣ መድኃኒት ያደረገው የሚመስል ግን ብርድና ረሃብ ያመጡት ለውጥ ይፈጠራል። ስለ ኃይል ፍጆታ የሚሠራ ሰው ከተቻለ ወደ 30 ዲግሪ በተጠጋ ክፍል ይሥራ፤ ካልተቻለ ጎጆ መሥሪያ በብዛትና በእኩል መጠን ለሁሉም ይስጥ።

በእንፋሎት ወይስ በጨረር?

ከጀርም ነፃ መሆን ካለበት፣ በእንፋሎት ማፍላት በ121 ዲግሪ ሲደረግ ቫይታሚን ኤንና ቢ1ን ያጠፋል፣ የመኖውን እንክብል (ፔሌት) ያጠነክራል፤ ለዚህ ተብሎ ቫይታሚን የተጨመረበትን መኖ ብቻ ይጠቀሙ። የተጣራና ስባም መኖ በእንፋሎት ስለሚቀልጥና ስለሚጋገር በጨረር የጸዳው ይመረጣል። አንዱን ቡድን በእንፋሎት፣ ሌላውን በጨረር የጸዳ መኖ መመገብ አዲስ ልዩነት መጨመር ነው። የተለመደው የማከማቻ አሠራር የእህል መኖን ከ21 ዲግሪ በታችና ከ50 በመቶ ባነሰ እርጥበት አስቀምጦ ከተመረተ በ6 ወር ውስጥ፣ የተጣራውን በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች አስቀምጦ ከ6 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጨረስ ነው።

ውጤቱ ሲጻፍ “መደበኛ መኖ ተሰጥቷቸዋል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንም አይረዳም። የመኖው ሙሉ ኮድ፣ የምርት ዙሩ ቁጥር፣ በምን እንደጸዳ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠና እንደተነሣ፣ በኬጅ ስንት አይጥ እንደነበረ፣ የጉዝጓዙ ዓይነትና የክፍሉ ሙቀት ይጻፉ። የእያንዳንዱ ቡድን ክብደት ከመነሻው እስከ መጨረሻው በግራፍ ይውጣ፤ በመቶኛ ለውጥ ብቻ ሳይሆን በግራም።